የፕሪሚየም ዕድርተኞች

እሑድ 19/6/2016 (በፈረንጅ)፣ ማታ

ያንን የአውቶቡስ ሹፌር ባገኘው አንቀዋለሁ። አየኝ፣ አየሁት፣ በሩን ዘጋ። በሩን በቡጢ ደበደብኩት። ሄደ። ከኪርያት አርዬ እስከ ሰፈሬ ሻአሪያ በዚህ ሐሩር በእግሬ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ሚፍዓል፣ ፋብሪካው፣ ውስጥ ቆሜ ካርቶን ስዘጋ ውዬ። እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ደርሼ ሳልቀመጥ ወደ ለቅሶ። ወ/ሮ ዘነቡ ወንድሟ ሞቶባታል፣ አፈሩን ያቅልለትና፣ የሰባት ቀን ሐዘን ተቀምጣለች። ዕድራችን ድንኳኑን ተክሏል። ወንበሩ መጥቷል። ድስቱ ተጥዷል። ሁሉ በሰደር፣ በወጉ። ቁጭ ብዬ እንባዬን ልጠርግ ስል ሴቶቹ ከበቡኝ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው ደብተሬ? የፕሪሚየሙ ሰዎች የታሉ አሉኝ! ያኛው ዕድር ለቅሶ አይደርስም ወይ አሉኝ!

ወይ ጉዴ። አንቺማ አታውቂ። ልንገርሽ።

ልጄ ዳኒና የእኅቴ የእትዬ ወርቄ ልጅ አሸር ኪርያት ማታሎን ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ፣ ሱቅ አላቸው። የጌም ሱቅ። መደርደሪያ የለ፣ ዕቃ የለ። በኢንተርኔት ነው። ሰው ካርቲሱን፣ የባንክ ካርዱን፣ ይሰጣል፣ ጌሙ እቤቱ ኮምፒውተር ላይ ዱብ ይላል። ግማሹ መጋደል ነው። ሰው በሰይፍ፣ ሰው በጠመንጃ፣ ደሙ መስተዋቱ ላይ ፊጭ! ልጆቻችን ይህንን ሸጠው ይበላሉ። ምን አገባኝ፣ አረቄ የሚሸጥ ሁሉ ሰካራም ነው እንዴ።

ከፋሲካ በኋላ ዳኒ አዲስ ነገር አመጣ። ፕሪሚየም። በየወሩ ከካርቲሱ የሚቆረጥበት ሰው አባል ይባላል። ለአባል ጌሙ ይረክስለታል፣ ከሌላው ቀድሞ ይደርሰዋል፣ በየወሩም አንድ አንድ ጌም ይከፈትለታል። ስሰማ ልቤ ዘለለ። በየወሩ የሚዋጣ፣ አባል የሚባል፣ ለአባል የሚደላ። ዕድር ነዋ! የዳኒ አባት የሞተ ጊዜ ዕድር ባይኖር እኔ የት ነበርኩ? እናማ ለዕድራችን ሴቶች ነገርኩ። እንደ ዕድራችን ነው፣ ለልጅ ልጆቻችሁ ግቡላቸው አልኩ። ገቡ። ባንድ ሰንበት ማግስት ሁሉም ገቡ። ዳኒ ግንባሬን ሳመኝ።

አሸር ግን ያን ቀን ፊቱ ጠቆረ። ይህ አባል ማድረግ አይደለም፣ ማሰር ነው አለ። በየወሩ ተከፈተልህ የተባለው ጌም መክፈል ያቆምክ ዕለት ይቆለፋል። ዓመት የከፈለ ባዶ እጁን ይቀራል። የከፈለው ሰይፉ ይረዝማል፣ ያልከፈለው ሲሞት ይውላል። ዳኒ ደግሞ፦ ሰው አንድ ጌም ገዝቶ ይጠፋል፣ ትልልቆቹ ሱቆች የሚኖሩት በአባል ነው፣ ፕሪሚየም ከሌለ እስከ መስከረም በዓላት አንደርስም፣ እንዘጋለን፣ ከተዘጋ ሱቅ ማን ምን ያገኛል? አሸር ሹክሹክታ። ዳኒ ጩኸት። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ እሱ ነው ጭንቁ።

እኔስ ለማን ልፍረድ? ሁለቱንም ያጠባሁ ነኝ። አዲስ አበባ ሆነን ወደዚህ ወደ ቅድስቲቱ አገር የምንመጣበትን ቀን ስንጠብቅ እትዬ ወርቄ በወባ ወደቀች፣ ወተቷ ነጠፈ። ዳኒን በቀኜ፣ አሸርን በግራዬ። እስከ ዛሬ ኢማ ብርቄ ነው የሚለኝ። በእብራይስጥ እናቴ ብርቄ ማለት ነው፣ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ እንኳ።

ለሴቶቹ ምን መለስኩ? ይደርሳሉ አልኳቸው። ምን ልበል! ዳኒ ነገ አንድ ካርቶን ውሃ እንኳ ይዞ ብቅ ይላል። ባይል ጆሮውን ነው የምጎትተው።


ሰኞ 20/6

ደም።

ፊደሌን ይቅር በይኝ።

ከሥራ ላይ ጠሩኝ። አለቃዬ ስልኩን ሲያቀብለኝ ዓይኔን አላየኝም። የጋራዡ ሰው ነው። ነይ ብቻ ይላል። ሮጥኩ። ግድግዳው ላይ የእጅ አሻራ፣ ቀይ፣ እስከ ታች የተጎተተ። ደረጃው ላይ ጥርስ። የፊት ጥርስ፣ ጫፉ የተሸረፈ። የማን እንደሆነ ሳልነካው አወቅሁ። ልጅ ሆኖ ደጄ ላይ ከብስክሌት ወድቆ የሸረፈው ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ወ/ሮ ዘነቡ ሰባት ስለተቀመጠች ሥራ አልገባችም፣ ካርቲሷ አልከፍል አለ። የልጅ ልጇ ጌም ሁሉ ተቆለፈ። እሷ ከለቅሶ ምንጣፍ ላይ ሆና ሱቅ ደወለች፦ በእኛ ዕድር ያዘነ ሰው የዚያን ወር አይከፍልም፣ እናንተ በሐዘናችን ቀን ቆለፋችሁብን? ስልኩን ያነሳው አሸር ነው። ለእሷ ከፈተላት። ከፈተና ደሙ ፈላ፣ የዕድሩን ሴቶች ሁሉ ከፕሪሚየም ሰረዘ፣ የወሩንም መለሰላቸው። ሳይጠይቅ። ዳኒ ከውጭ ገባ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ባዶ። ማነው አለ። እኔ ነኝ አለ አሸር።

ዳኒ የስክሪኑን የብረት እግር ነቀለ። መንጋጋው ላይ መታው። ወደቀ። ወድቆ ሳለ ደግሞ።

እሱ ‹ደግሞ› ነው የሚገድለኝ።

አልሸሸም። ሚሽታራው፣ ፖሊሱ፣ እስኪመጣ አሸር አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ደግፎ ነበር አለኝ የጋራዡ ሰው። በካቴና ወሰዱት።

ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ወርቄ (እ.ወ. እልሻለሁ፣ ስሟን ስጽፍ ያመኛል) ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እጄን ዘርግቼ ሄድኩባት። በጥፊ አጮለችኝ። ሻሼን ጎትታ መሬት ጣለችው። ሐኪም፣ ዘበኛ፣ ሩሲያ፣ አረብ፣ ሰው ሁሉ ያያል።

‹‹ቀኝሽ ግራሽን በላ!›› አለችኝ። ‹‹ከእንግዲህ እኅት የለኝም። ሂጂ!››

መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሽቦ ይታሰራል። ዓይኑን እንጃ።


ማክሰኞ 21/6፣ ከሰዓት

ሥራ አልገባሁም። ሱቁን ላጥብ ሄድኩ። ማን ያጥበው? የገዛ ልጄ ያፈሰሰው፣ የገዛ ልጄ ደም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቅ። ተንበርክኬ እፈትጋለሁ፣ እፈትጋለሁ፣ ባልዲው ቀላ።

የአሸር ታላቅ ወንድም ሽሎሚ ገባ። ሥራው ሌላ ጋራዥ ነው፣ እንደ በር የሰፋ ልጅ። እጁ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት።

‹‹ዶዳ፣ ከዚያ ተነሽ።››

ዶዳ አክስት ማለት ነው፣ ከነክብሩ ነው የጠራኝ። አልነሣም አልኩት። በሰደር፣ ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርጊ አለኝ። ከዚያ ጀመረ። ስክሪን። ስክሪን። ኮምፒውተሩን ከነሆዱ ዘረገፈው። ወንበሩን በወንበር ሰበረ። ግድግዳው ተቦረቦረ። የመስተዋቱ ስባሪ እየተፈናጠረ ባልዲዬ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ጨርቄን ይዤ እዚያው። ቁጡ በሬ ሲያልፍ እንደሚተኙት።

የሚሰበር ሲያልቅ ቆመ። ላቡን ጠረገ። ውሃ አለሽ ወይ ዶዳ አለኝ! ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ሰጠሁት። ጨልጦ ጠጣ። ጠርሙሱን በደንብ ከድኖ መለሰልኝ።

‹‹ዳኒ የወጣ ቀን እገድለዋለሁ›› አለኝ፣ ዝግ ብሎ። ‹‹አንቺን ግን አልነካም። በጭራሽ።››

ሲሄድ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ ሰማሁት። ያ ግዙፍ።


ሐሙስ 23/6

ዳኒ መጣ። የቤት እስር። እስከ እሑድ 3/7 ከደጃፍ አይወጣም። ከዚያም በኋላ ፍርዱ እስኪሰጥ አሸር አጠገብ ድርሽ አይልም።

ምስር ሠራሁለት። ሁለት ሳህን በላ። በላ! እኔ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎኝ፣ እሱ ጠርጎ በላ። ስለ አሸር አልጠየቀም። ገላውን ታጠበ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። ቲክ ቲክ ቲክ ይሰማኛል። ልብስ ላስገባለት ብዬ ገባሁ። ምን ትሠራለህ ልጄ አልኩት። ሳይዞር፣ በእብራይስጥ፣ ፕሪሚየሙን እየመለስኩ ነው አለኝ። የተሰረዙትን እያስገባሁ ነው።

ደብተሬ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ወጥ ቤት ሄጃለሁ። ዘነዘናውን ከሙቀጫው መዝዣለሁ። ኮምፒውተሩን መሐሉ ላይ አገኘሁት። ተሰነጠቀ። ደግሞ መታሁት። ደግሞ። ቁልፎቹ እንደ ጥርስ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አንድ ድምፅ ይጮኻል፣ የኔ ነው። ወድቆ ሳለ ደግሞ መታሁት።

ቆምኩ። ዘነዘናው እጄ ላይ። ዳኒ አልጋው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ጨረስሽ ኢማ አለኝ። ሳቄ መጣ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሞኝ ሳቅ ስቄ አላውቅም። እሱም ሳቀ።

ያ ‹ደግሞ› ከየት እንደመጣበት አሁን አወቅሁ።

ስብርባሪውን እየጠረገ ትንሽ ተናገረ። ሱቁ ሊዘጋ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፣ ለአሸር እንዳይጨንቀው ብሎ አልነገረውም። ፕሪሚየሙ ነበር ትንፋሽ የሰጣቸው። ቢጠይቀኝ ኖሮ ለዘነቡ እኔው እከፍትላት ነበር ይላል። ከኋላዬ ነው የወጋኝ ይላል። ሰማሁት። ግን ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። አንዲትም።


ዓርብ 24/6፣ ሰንበት ሳይገባ

ሽማግሌ መጡ። አባ ተገኘ፣ የዕድራችን አባት፣ በከዘራቸው ኳ ኳ እያሉ። እሑድ እዚሁ ቤት እንቀመጣለን፣ ሁለቱም ወገን ይምጣ፣ ልጆቻችን እዚህ አገር ድረስ መጥተው ደም አይቃቡም አሉ። ግን በማላውቀው ነገር አልፈርድምና ያን ጌም አሳዩኝ አሉ።

ኮምፒውተሩ ተሰብሯል፣ ዳኒ አሮጌ የጌም ሳጥኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካላቸው። መያዣውን እጃቸው ላይ አደረገ። ስሚማ እንግዲህ።

‹‹ይህ ሰው ምን በድሎኝ ነው የምገድለው?››

‹‹ጠላት ነው አባ።››

‹‹የማን ጠላት?››

‹‹ይምቱት አባ! ሳይመታዎት!››

ዛፍ መቱ። ሞቱ። ተነሡ። የገዛ ጓደኛቸውን መቱ። ሞቱ። ተነሡ። በመጨረሻ አንዱን በሰይፍ ለሁለት ሲከፍሉት ከወንበራቸው ብድግ ብለው ‹‹ዘራፍ!›› አሉ፣ ጎረቤት በር ከፈተ። በሳቅ ሞትኩ። ዳኒም።

ያልከፈለ እኔ ብሆንስ ብለው ጠየቁ። ዳኒ አመነታ። ሰይፍዎ አጭር ይሆናል አባ አለ። መክፈል ያቆምኩ ቀንስ? ሰይፉ ይቆለፋል። እስከዚያ የከፈልኩትስ? ዳኒ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

መያዣውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ጥሩ ነው አሉ። እዚህ የሞተው ይነሣል። አሸርስ?




እሑድ 26/6

ተቀመጡ። ሳሎኔ ሞላ። አባ ተገኘ (አ.ተ.) ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሶፋው ላይ። እ.ወ. ጀርባዋን ሰጥታኝ። ሽሎሚ በሩን ተደግፎ፣ አልቀመጥም ብሎ። አሸር ከሆስፒታል እናቱ ቤት ገብቷል ግን አልመጣም፣ ከዳኒ ጋር መገናኘት ክልክል ነው፣ አፉም በሽቦ ነው።

ሽሎሚ አጭር ተናገረ። ወንድሜ በቀሰም ነው የሚጠጣ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ዳኒ ተራው ሲደርስ በእብራይስጥ ጀመረ። ውል፣ ሽርክና፣ ደንበኛ፣ ኪሳራ፣ እንደ ጠበቃ ተንበለበለ። አ.ተ. ከዘራቸውን አነሡ። ‹‹በአማርኛ። ጥፋት በአባት ቋንቋ ነው የሚነገር።›› ልጄ አማርኛው የስድስት ዓመት ልጅ አማርኛ ነው፣ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት እዚያው ላይ ቆሟል። ቃል በቃል ለቃቀመ።

‹‹መታሁት›› አለ። ‹‹ወደቀ። ሁለተኛ መታሁት።››

ሌላ ቃል የለውም። ውል የለ፣ ኪሳራ የለ። እ.ወ. ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

‹‹ሁለተኛውን ለምን?›› አለ ሽሎሚ። ‹‹ለምን ነው ያልኩህ!›› ዘለለበት። ጠረጴዛው ተገለበጠ። ብርጭቆ። ዳኒ ጉሮሮውን አነቀው፣ ሽሎሚ በጉልበቱ ሆዱን፣ መጋረጃዬ ከነዘንጉ ወረደ። እኔና እ.ወ. ሁለታችንም እየጮኽን መሐል ገባን፣ እሷ የኔን ልጅ ስትጎትት እኔ የሷን። ከአራታችን የአንዳችን ክርን፣ የማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ አባ ተገኘን አፋቸው ላይ መታቸው። ወደቁ።

ሽማግሌ በእርቅ ላይ ተመታ። ይህ በኛ ዘንድ የሚነገር ነገር አይደለም።

ተነሡ፣ ማንም ሳይደግፋቸው። ከንፈራቸው ይደማል። በጣታቸው ነክተው አዩት።

‹‹እንግዲህ እኔም ባለደም ሆንኩ›› አሉ። ‹‹በሉ ተቀመጡ፣ ወረፋ ያዙ።››

ተቀመጥን። እንደ ተማሪ።

ፍርዳቸው ይህ ነው። በየወሩ ክፈሉኝ ማለት ነውር የለውም፣ ውሃም መብራትም በየወሩ ነው፣ ሱቅም እስትንፋስ ይፈልጋል። ነውሩ የገባን ሰው መውጫ ማሳጣት ነው። ዕድር ነኝ ካልክ ያዘነውን ድረስለት። ነጋዴ ነኝ ካልክም የሸጥከውን ሰው ቤት ገብተህ አትቀማ። አሸርም አጥፍቷል፣ የሽርካውን ጎተራ ሳይጠይቅ ገልብጧል። ደም ግን ያፈሰሰው ዳኒ ነው፣ ዳኒ ድንጋይ ይሸከም።

እንዳገራችን። ድንጋይ በጫንቃ ይዞ እግር ላይ መውደቅ። ግን መንግሥት አትቅረብ ብሎታል። ስለዚህ እናቱ ትሸከምለት አሉ። ዳኒ ግን በገዛ እጁ አንሥቶ እናቱ ጫንቃ ላይ ይጫን። ክብደቱን ይወቀው።

ሽሎሚ በሩ ላይ ዞረ። የቤት እስሩ ከሚያበቃበት እሑድ በፊት ድንጋዩ እናቴ ደጅ ካልደረሰ እሑድ ጠዋት እኔ እዚህ ነኝ አለ። ለኔ ነው የተናገረው፣ ለዳኒ አይደለም።

ዳኒ ምን ቢል ጥሩ ነው? እኔ ጎንደር አይደለሁም አለ። እናቴ ላይ ድንጋይ አልጭንም፣ ይህ እብደት ነው አለ። በሩን ዘጋ።


ማክሰኞ 28/6

ድንጋይ አመጣሁ። በዚህ ከተማ ድንጋይ ማግኘት! ሁሉ አስፋልት፣ ሁሉ ንጣፍ። የባቡሩን ቁፋሮ አስታወስኩ፣ ዋናው መንገድ ሆዱ ተከፍቷል። የገበያ ጋሪዬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ዘበኛው ጮኸብኝ። ጮኽኩበት። ድንጋይ ለምንሽ ነው አለ። ለይቅርታ አልኩት። ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ራሱ መረጠልኝ፣ ይህ ጥሩ ይቅርታ ነው ብሎ ጋሪዬ ውስጥ ጣለው። ጋሪው ጎማው ወለቀ፣ የማይረባ።

ድንጋዩ አሁን ኮሪደሩ ላይ ነው። ዳኒ ወደ መታጠቢያ ቤት በሄደ ቁጥር ይራመደዋል። አያየውም። በእግሩ ሲመታው ግን ሰማሁ፣ ከዚያም ስድብ። እሰይ።

አጥሚት ሠርቼ ለአሸር በወ/ሮ ዘነቡ ላክሁ። ሰባቷን ጨርሳለች። እ.ወ. የመጀመሪያውን ጣሳ ደረጃው ላይ ደፍታዋለች። ዘነቡ እንዲህ አለችኝ፦ ብርቄ፣ ያንቺ ፕሪሚየም ለቅሶ አልደረሰልኝ፣ እኔ ግን እደርስልሻለሁ። አንገቷን አቅፌ ተነፋረቅሁ። ዋናው ዕድር ይኸው።


ዓርብ 1/7፣ ሰንበት ሳይገባ

ሽሎሚ ማለዳ በመኪናው በደጃችን አለፈ። ዝግ ብሎ። ብረቱ መቀመጫው ላይ፣ እንደ ተሳፋሪ። ዳኒ በመስኮት አየው። ወጥ ቤት ገብቶ ቢላዋ ሲመርጥ ደረስኩበት። ትልቁን። እጁን ነከስኩት። አዎ፣ ነከስኩት፣ ደም እስኪወጣ። ቢላዋው ወደቀ። ቤት ውስጥ ያለውን ስለት ሁሉ ሰብስቤ ለጎረቤት ሰጠሁ። ለሰንበት ዳቦውን በእጃችን እንቆርሳለን፣ ምን ይሁን።

አሁን ሻማ ላበራ ስል ስልኬ ጮኸ። አሸር። አይናገር፣ ጽፎ ነው፣ ዳኒ አነበበልኝ። ‹‹ኢማ ብርቄ፣ ሁለተኛው አጥሚት ደረሰኝ፣ ዘነቡ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ አስገባችው። ጥሩ ነው ግን ጨው በዝቷል። ዓይኔ ይድናል ብለዋል። ዳኒን አሥር ጊዜ ብጠይቀው አይሰማኝም ነበር፣ ቢሆንም አሥራ አንደኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ፕሪሚየሙን አልጠላሁትም። ቁልፉን ነው።››

ዳኒ እስከ መጨረሻው አነበበ። ስልኩን ሰጠኝ። ጨው በዝቷል ይላል ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ሶፋው ላይ ተደፍቶ እንደ እንስሳ አገሳ። ድንጋዩን ግን አልነካም። ከሰንበት በፊት ጫንብኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አልችልም ኢማ።

ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ብዕሬን ማስቀመጥ አለብኝ።


እሑድ 3/7፣ ጠዋት

የቤት እስሩ አበቃ። ሽሎሚ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ መኪናውን ተደግፎ። ብረቱ እጁ ላይ። አይሸሽግም።

ዳኒ ትናንት ሰንበት እንደወጣ በስልኩ አንድ ነገር ሲሠራ አመሸ። ዛሬ ጠዋት አሳየኝ። ለአባላቱ ሁሉ ጽፏል። ፕሪሚየሙ አልተዘጋም፣ የፈለገ ይግባ፣ የፈለገ ይውጣ፣ የወጣ ሰው እስከዚያ የተከፈተለት ሁሉ የራሱ ነው። ታች ደግሞ አንድ መስመር፦ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የዚያን ወር አይከፍልም። የለቅሶ ወር ያለው የጌም ሱቅ በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ስክሪን የሌለው፣ ወንበር የሌለው፣ ግድግዳው የተቦረቦረ ሱቅ። ቢሆንም።

ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። ነጠላዬን አጥፌ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁ።

‹‹ጫን›› አልኩት።

ቆመ። ጎንበስ አለ። ድንጋዩ ከወለሉ ሲነሣ ሰማሁት፣ ትንፋሹንም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ክብደቱን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። አልመጣም።

ስገልጥ ድንጋዩ የራሱ ጫንቃ ላይ ነው።

አሸር ቤት ከደረስክ መልሰው ያስሩሃል አልኩት። አውቃለሁ አለ። ሽሎሚ ታች ነው አልኩት።

‹‹አየሁት ኢማ። ሁለቱም እጄ ድንጋዩ ላይ ነው።›› በአማርኛ ነው ያለው። ያንኑ በስድስት ዓመቱ አማርኛ።

ለአ.ተ. ደወልኩ። ወደ እ.ወ. ደጅ እየሄድኩ ነው፣ እዚያ አገኛችኋለሁ አሉ። ላስቆመው እችላለሁ። በሩን ብቆልፍ፣ ቁልፉን ብውጠው፣ ልጄ በሕይወት ይኖራል፣ ጠበቃውም ጎሽ ይለኛል። አሸርና እሱ ግን እስከ ዕድሜ ልካቸው በድን ናቸው።

አልቆልፍም። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ከኋላዬ። ሽሎሚ ዶዳን አልነካም ብሏል፣ ቃሉን ዛሬ አያለሁ። ብረቱን ካነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን—

ያላ ኢማ፣ እንሂድ፣ ከበደኝ ይላል። ቆይ። ጫማዬን ላጥልቅ።